የተከፈለ ዕዳ

ሰው ካለው ሀብት ሁሉ በእጅ የማይዳሰስ፣ በሣጥን የማይቆለፍ፣ ከጠፋ በኋላ ግን መልሶ ለማግኘት ከወርቅ ይልቅ የሚቸግር አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም ስም ነው። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ስለዚህ ነው። ይህን ምሳሌ ዘወትር የምንጠቅሰው መልካም ሠርተው ስላለፉ ሰዎች ነው። ነገር ግን ምሳሌው ሌላም ፊት አለው። መልካም ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ ክፉ ስምም እንደዚያው ይውላል። አንድ ሰው በሃያ ዓመቱ ባጠፋው ጥፋት በስድሳ ዓመቱ ሲጠራበት፣ ልጆቹም «የእገሌ ልጆች» ተብለው ሲጠቀሱበት የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ወንጀል የሠራ፣ በሕግ ፊት ቀርቦ የተፈረደበት፣ ቅጣቱንም እስከ መጨረሻው የፈጸመ ሰው፣ ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ቢጠይቅ ተገቢ ነውን? ዳኛስ ቢሰርዝለት እውነትን መደበቁ ነውን ወይስ ፍርድን መፈጸሙ?

ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቅጥር የሚሰጥ አለቃ፣ ቤት የሚያከራይ ባለቤት፣ ልጁን የሚድር አባት፣ ለዕድርተኞቹ ገንዘብ ያዥ የሚመርጥ ማኅበርተኛ ሁሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ያገኘዋል። እናንተም ታገኙታላችሁ።

አስቀድሜ ሕጋችን የሚለውን ላስረዳ። ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ነገር ነውና።

በአገራችን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ረቂቁን የስዊስ ሰው የሆኑት የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያዘጋጁት፣ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ስሙ የሚመለስበትን መንገድ አበጅቶ ነበር። በእርሱ ምትክ በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ይህንኑ መንገድ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ባሉት አንቀጾች አጽንቶታል። ሕጉ ይህን ነገር «መሰየም» ይለዋል።

መሰየም ይቅርታ አይደለም፤ ምሕረትም አይደለም። ይቅርታ ሲደረግ ያልተፈጸመው ቅጣት ይቀራል ወይም ይቀንሳል። ምሕረትም ለሕዝብ ሰላም ሲባል በአዋጅ ለብዙዎች የሚሰጥ ነው። መሰየም ግን ለአንድ ሰው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቅጣቱን ለፈጸመ ሰው፣ በራሱ ማመልከቻ የሚሰጥ ነው። ሰውየው ተነሥቶ «ዕዳዬን ከፍያለሁ፤ ስሜን መልሱልኝ» ሲል ዳኛ የሚመረምረው ጉዳይ ነው።

ማመልከቱ ብቻ ግን አይበቃም። በጽኑ እሥራት የተቀጣ ሰው ከቅጣቱ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በቀላል እሥራት ወይም ከዚያ ባነሰ ቅጣት የተቀጣው ደግሞ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ የተመሰከረለት፣ በሌላ ወንጀል እሥራት ያልተፈረደበት መሆን ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ዐቅሙ በፈቀደለት መጠን የበደለውን ሰው ካሣ፣ መቀጮውንና የፍርዱን ወጪ መክፈል አለበት። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ዳኛው ሲፈቅድለት ከመብቱ የተሻረው ይመለስለታል፤ ፍርዱም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ተመልሶ ወደ ከባድ ወንጀል ከገባ ግን መሰየሙ ሊሻርበት ይችላል።

ሕጉ በዚህም አያቆምም። አንድ ሰው በክፋትም ሆነ በሌላ ምክንያት ተነሥቶ የተሰየመውን ሰው በድሮ ጥፋቱ ቢነቅፈው፣ ስም በማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርሁት እውነት ነው» ብሎ መከራከርም አያድነውም። ይህን ደንብ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ቆም ብዬ አሰብሁ። እውነት መናገር የሚያስቀጣበት ቦታ አለን? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ።

ቃሉንም ተመልከቱት። ሰየመ ማለት ስም አወጣ ማለት ነው፤ ሾመ ማለትም ነው። «ችሎት ተሰየመ» እንላለን፤ «ሊቀ መንበር ሆኖ ተሰየመ» እንላለን። ሕግ ዐዋቂዎቻችን ይህን ቃል መምረጣቸው ሲያስደንቀኝ ይኖራል። ዳኛ በወንበሩ ሲቀመጥ የምንለውን ቃል፣ ያ ዳኛ የፈረደበት ሰው ወደ ሰው ተራ ሲመለስም እንለዋለን።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት ልበል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን የሌባ እጅ ይቈረጥ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በፈረንሳይም እስከ 1832 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድረስ ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው ትከሻው ላይ በጋለ ብረት ፊደል ይታተምበት ነበር። እነዚህ ቅጣቶች ሥቃይ ብቻ አልነበሩም፤ መዝገብም ነበሩ። የሰውየው ሥጋ ራሱ ብራና ሆኖ ፍርዱ ተጽፎበታል። ጽሑፉም የሚፋቅ አልነበረም። እጁ የተቈረጠ ሰው በሄደበት አገር ሁሉ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት እንኳ፣ ሳይጠየቅ ይመሰክርበታል። ቢጸጸት፣ ዐርባ ዓመት በጽድቅ ቢኖር፣ እጁ አይበቅልለትም።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ከሥጋ ወደ ወረቀት ተዛወረ። በፈረንሳይ በ1850 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተፈረደባቸው ሰዎች መዝገብ በየፍርድ ቤቱ መያዝ ተጀመረ። በእኛም አገር ዛሬ ለሥራ ወይም ለውጭ አገር ጕዞ የሚፈልግ ሰው ወደ ፖሊስ ሄዶ የጣት አሻራውን ይሰጥና ከወንጀል ነፃ ስለ መሆኑ ማስረጃ ይጠይቃል። ወረቀት ከጋለ ብረት እጅግ ይሻላል። የሚሻለውም ስለማያቃጥል ብቻ አይደለም፤ ሊሰረዝ ስለሚችልም ነው። እንግዲህ ወረቀቱን «ፈጽሞ አይሰረዝ» የምንል ከሆነ ብረቱን በሌላ መልክ መለስነው ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ባስረዳ ይሻላል።

ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንዲት ነጋዴ ሴት ሱቅ ተቀጠረ። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነበር። ሴትዮዋ አምነውት የመሳቢያውን ቁልፍ ሰጡት። እርሱም በሁለት ወር ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያለ ብዙ ገንዘብ ወሰደ። ተያዘ፤ አመነ፤ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ቀላል እሥራት ተፈረደበት። በወኅኒ ቤት ሳለ የእንጨት ሥራ ተማረ። እጁም የተባረከ ሆነ።

ከወጣ በኋላ የአናጢነት ሥራ ለመቀጠር ሦስት ቦታ አመለከተ። በሦስቱም ፈተናውን አለፈ። በሦስቱም ከፖሊስ የሚመጣውን ማስረጃ ጠየቁት። በሦስቱም ማስረጃው በመጣ ጊዜ «እናስታውቅሃለን» ተብሎ ተሰናበተ። አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጣና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ዳኛው የፈረዱብኝ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ከወጣሁ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይህን ሦስት ዓመት የፈረደብኝ ማን ነው?»

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በቀላሉ አትለፉት። በፍርድ ቤት የቅጣት መጠን የሚወሰነው በልክ ነው። ዳኛው የጥፋቱን ክብደት፣ የሰውየውን ዕድሜ፣ የጉዳቱን መጠን መዝኖ «ይህን ያህል» ይላል። «ይህን ያህል» ማለት ደግሞ «ከዚህ አይበልጥም» ማለትም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅጣት፣ ማለት የሥራ መከልከል፣ የቤት መከልከል፣ የመታመን መከልከል፣ ማንም ያልመዘነው፣ ማንም ያልፈረመበት፣ መጨረሻ ቀን ያልተቈረጠለት ነው። ሁለት ዓመት ያስፈረደ ጥፋት ዕድሜ ልክ ሲያስቀጣ ፍርድ ተፈጸመ አይባልም፤ ፍርድ ተጣሰ እንጂ።

ልጁን ወደ አንድ የማውቀው ጠበቃ ወሰድሁት። ጠበቃውም የመሰየምን ነገር አስረዳው። የመጀመሪያ ጥያቄው ግን «ገንዘቡን መልሰሃል?» የሚል ነበር። አልመለሰም። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ወደ ሴትዮዋ በሽማግሌ ተላከ። በየሰፈሩ በር እየጠገነ፣ ወንበር እየሠራ ያገኘውን በየወሩ እየቈጠረ በዐሥራ አራት ወር ዕዳውን ጨረሰ። ከዚያም አመለከተ፤ ተሰየመም።

በዚያ ሽምግልና ላይ ነበርሁ። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ ይርሱት» አላቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱ፤ «እኔስ አልረሳሁትም። ሱቄን በከፈትሁ ቍጥር መሳቢያውን አያለሁ። ነገር ግን ገንዘቤን መልሷል፤ እንጀራውን አልዘጋበትም።»

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ይህ ንግግር አስተምሮኛል። አሁን ተቃውሞዎቹን በዚህ ብርሃን እንመርምራቸው።

አንደኛው ተቃውሞ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ነው። የበደለው ሰው መዝገቡ ተሰርዞለት እየሣቀ ሲሄድ፣ የተበደለው ሰው ቁስሉን ይዞ ይቀራል፤ ይህ ግፍ አይደለምን? ይላሉ። በእውነት ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። ምሳሌውም እውነት ነው፤ ያ የነጋዴዋም ቃል ይመሰክራል። ነገር ግን ሴትዮዋ ሁለት ነገሮችን ለይተው አዩ፤ ማስታወስ አንድ ነው፤ መዝጋት ሌላ ነው። ማንም ዳኛ ከተበዳይ ልብ ውስጥ ገብቶ መርሳትን ሊያዝዝ አይችልም፤ ሕጉም ይህን አይልም። የሚሰረዘው የመንግሥት መዝገብ ነው እንጂ የሰው ልብ አይደለም። ተበዳይ ቁስሉን የማስታወስ መብቱ አይነካም። መንግሥት ግን ተበዳይን ወክሎ ቀጣ፤ ቅጣቱንም ተቀብሎ ጨረሰ። ዕዳ የተቀበለ ሰው ደረሰኝ መስጠት አለበት። ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኙን የሚከለክል ነጋዴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ከዚህም በላይ ሕጉ ካሣን የመሰየም ቅድመ ሁኔታ ማድረጉን ልብ በሉ። ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉማ የሚባለው ሥርዐት፣ በአማራውም አገር በሽማግሌ ፊት የሚደረገው የደም ዕርቅ፣ መጀመሪያ በደልን ማመን፣ ቀጥሎ ካሣ መክፈል፣ በመጨረሻም ዕርቅን ይጠይቃል። ከዕርቅ በኋላ ነገሩን ቆስቁሶ ማንሣት ነውር ነው። የመሰየም ሕግ ከአውሮፓ በመጣ ሊቅ እጅ ቢረቀቅም ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን መንገድ ነው የሚሄደው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ካሣ ሳይከፍል ስሜ ይመለስልኝ የሚል ሰው የሚጠይቀው ስሙን አይደለም፤ የሰውን ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእውነት ተቃውሞ ነው። የሆነን ነገር እንዳልሆነ መቍጠር ሐሰት አይደለምን? ይላሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሐሰትን እጅግ እንድንፈራ ተደርገን ስለ ተማርን ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይከብደኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት እዚያው በተማርሁበት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የላካትን አጭር መልእክት አስቡ። ከጌታው ዘንድ ስለ ሄደው ስለ አናሲሞስ ሲለምን ጳውሎስ «ይህ ሰው ምንም አልበደለህም» አላለም። የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቍጠረው፤ እርሱን ግን እንደ ወንድም ተቀበለው የሚል መንፈስ ያለው ልመና ነው ያቀረበው። ዕዳው አልተካደም። የተለወጠው የሚቈጠርበት ቦታ ነው። «አልሆነም» ማለትና «አይቈጠርበትም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕጉም «እንዳልነበረ ይቆጠራል» አለ እንጂ «አልነበረም» አላለም።

እንዲያውም ነገሩን በደንብ ብንመረምረው ሐሰትን የሚያበዛው አለመሰረዙ ነው። የቪክቶር ሁጎን በ1862 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ መጽሐፍ፣ በአማርኛ «ምንዱባን» ተብሎ የሚታወቀውን፣ ካነበባችሁ ዣን ቫልዣንን ታስታውሳላችሁ። ዳቦ በመስረቅ ተጀምሮ፣ ለማምለጥ በመሞከሩ እየተጨመረበት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። ሲፈታም ቢጫ ወረቀት ሰጡት። ያን ወረቀት ባሳየበት ቦታ ሁሉ እንግዳ ማደሪያው ተዘጋበት። በመጨረሻ በሌላ ስም ሌላ ሰው ሆኖ ለመኖር ተገደደ። በራሱ ስም እንዲኖር ያልተፈቀደለት ሰው የውሸት ስም ይፈልጋል። በእኛም ዘመን የሥራ ማመልከቻ ላይ ዕድሜውን የሚያዛባ፣ የኖረበትን አገር የሚቀይር፣ ያለፉትን ዓመታት «በግል ሥራ ላይ ነበርሁ» እያለ የሚሸፍን ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል ውሸት ልማዱ የሆነ ይኖራል፤ በሩ ሁሉ ስለ ተዘጋበት የዋሸም ይኖራል። ለሁለተኛው ሕጋዊ በር ቢከፈትለት እውነት ይጠቀማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጥንቃቄ ነው። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይባላል፤ አመል አይለቅም፤ ስለዚህ የሰውን ያለፈ ታሪክ ማወቅ ራስን መጠበቅ ነው ይላሉ። ለዚህ የምመልሰው ሕጉ ጊዜ የሚጠይቀው በትክክል ስለዚህ ነው በማለት ነው። በወኅኒ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ከሱቅ መሳቢያ አይሰርቅም፤ መሳቢያ የለምና። የሰው ጠባይ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ፣ በረኃብና በፈተና መካከል፣ ማንም ሳያየው ነው። ሁለት ዓመት ወይም አምስት ዓመት ያለ አዲስ ጥፋት የኖረ፣ ዕዳውንም ከፍሎ የጨረሰ ሰው፣ አመሉን ስለ ማሸነፉ የሚበቃ ምስክር አቅርቧል። ከዚህ በኋላ «አላምንም» የምንል ከሆነ ምን ቢያደርግ እንደምናምነው መናገር አለብን። ምንም ቢያደርግ የማናምነው ከሆነ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቷል፤ ጥላቻ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በዚህ ተቃውሞ ውስጥ ሊጣል የማይገባ እውነት አለ። ዕድሜዬን ከልጆች ጋር ያሳለፍሁ ነኝና፣ ሕፃን የበደለ ሰው ስሙ ቢመለስለትም ተመልሶ የሕፃናት ጠባቂ ይሁን ብዬ አልመክርም። በእንግሊዝ አገር በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ፣ የተወሰነ ጊዜ ያለ ጥፋት የኖረ ሰው የድሮ ፍርዱን እንዲናገር አይገደድም ይላል፤ ነገር ግን ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩና ለእነዚህ ለመሳሰሉ ሥራዎች ልዩ ደንብ አለው። ይህ ልዩነት አስተዋይ ይመስለኛል። አንድን ሰው ከአንድ የተወሰነ በር መመለስ ይቻላል፤ ከበር ሁሉ መመለስ ግን አይገባም። የሱቅ ገንዘብ ያጎደለ ሰው በር እንዳይጠግን የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ሕዝብ በአንድነት ሊረሳቸው የማይገቡ ወንጀሎች አሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋትንና እነዚህን የመሳሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንዳይታገዱ፣ በምሕረትና በይቅርታም እንዳይታለፉ ደንግጓል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን የአገር ታሪክ የሚጽፈው ስለ እነዚያ ነው እንጂ መሳቢያ ስለ ከፈተ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አይደለም። ትንሹን ጥፋት በትልቁ ሚዛን መመዘን ትልቁንም ማቅለል ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ስሙ የሚመለስለት ለጠየቀ ሰው ብቻ ይሁን ወይስ ጊዜው ሲደርስ ለሁሉ በራሱ ይሁን? በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ሕግ፣ አንዳንድ ቀላል ጥፋቶች ጊዜው ሲሞላ ማንም ሳያመለክት በኮምፒውተር ከሕዝብ ዓይን እንዲሠወሩ ተደርጓል። የዚያ ሕግ ምክንያት ግልጥ ነው፤ ብዙዎች መብቱ መኖሩን አያውቁም፤ የሚያውቁትም ጠበቃ የመያዝ ዐቅም የላቸውም። ያ ተማሪዬም ባለማወቅ ሦስት ዓመት አቃጠለ። እኔ ግን የማመልከቱን መንገድ ጨርሶ መተው አልወድም። ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይኸውና ከፍያለሁ» ብሎ መናገሩ በራሱ ዋጋ አለው፤ ኮምፒውተር ይህን ሊያደርግለት አይችልም። ስለዚህ መንገዱ ይኑር፤ ነገር ግን ከወኅኒ ቤት የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው መንገዱ መኖሩ ይነገረው። ያልተነገረ መብት እንደ ተከለከለ መብት ነው።

አሁን ወደ ተውሁት ጥያቄ ልመለስ። የተሰየመን ሰው በድሮ ጥፋቱ የሚነቅፍ ሰው፣ የተናገረው እውነት ቢሆንም፣ የሚጠየቀው ስለ ምንድን ነው? መልሱ እውነት ለምን እንደምትነገር በማሰብ ይገኛል። እውነት የምትነገረው ለማዳን፣ ለማስተማር፣ ወይም ለመፍረድ ነው። ፍርዱ ካለቀ፣ የሚጠበቅ አደጋም ከሌለ፣ የሰውን የድሮ ጥፋት በገበያ መካከል ማንሣት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይደለም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው ነው። የተናገረው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ግፍ ነው።

የዚያ ልጅ ነገርም እዚህ ላይ አላበቃም። ከመዝገብ ከተሰረዘለት በኋላ ሥራ አገኘ። ነገር ግን በሰፈሩ ዛሬም እርሱ ወደ ቤት ሲገባ ቦርሳቸውን የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ሰርግ ላይ ጠጥቶ «ያ የመሳቢያው!» ብሎ የሚጠራውም አለ። ዳኛ የመዘገበውን ዳኛ ይሰርዘዋል፤ ጎረቤት የመዘገበውን ግን ከጎረቤት በቀር ማንም አይሰርዘውም። በዘመናችን ደግሞ ከምላስ የባሰ መጥቷል። አንድ ልጅ ሲያዝ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና በፌስቡክ ይለጠፋል። ቢፈረድበትም ቢፈታም፣ ቢሰየምም ባይሰየም፣ ሥዕሉ እዚያው ይኖራል። የጋለው ብረት እንደገና መጣ ማለት ነው፤ ብረቱንም የያዘው ንጉሥ ወይም ዳኛ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ፤ በኪሳችሁ ይዛችሁታል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ሁለት ምክር ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ላላጠፋው ነው። ዕዳውን የከፈለ ሰው ስታገኝ ደረሰኙን አትቅደድበት። የምታስታውሰው ነገር ካለ በልብህ ያዘው፤ ጥንቃቄ የሚያሻህ ቦታ ካለም ተጠንቀቅ። ነገር ግን እንጀራውን አትዝጋበት፤ በልጆቹም ፊት አታንሣበት፤ ሥዕሉንም ለሌላ አታስተላልፍ። ዳኛ በቃ ካለ በኋላ ያልበቃህ አንተ፣ ወንበርህን የሰጠህ ማን ነው?

ሁለተኛው ላጠፋው ነው። ይህን ከሚያነቡት መካከል እንዲህ ያለ ሰው ይኖራልና። መዝገብህ እንዲሰረዝ ከመጠየቅህ በፊት የበደልኸውን ሰው ፈልግ። ከገንዘቡ የምትችለውን መልስ፤ መመለስ የማትችለውን አምነህ ተናገር። ጊዜውን በትዕግሥት ጠብቅ፤ ቀኑ ሲደርስ አንገትህን ሳትደፋ አመልክት፤ የምትጠይቀው ምጽዋት አይደለምና። ከተሰረዘልህም በኋላ አንድ ሰው ግን ማስታወሱን መተው የለበትም፤ እርሱም አንተ ነህ። ሕጉ ሌላውን ሁሉ ከማስታወስ ያሳረፈው፣ አንተ ለራስህ እያስታወስህ ሁለተኛ ወደዚያ እንዳትመለስ ነው።

ፍርድ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም ሊኖረው ይገባል። መጨረሻ የሌለው ፍርድ በቀል ይባላል፤ ካሣ የሌለበት ዕርቅም ማታለል ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ መንገድ፣ አምኖ፣ ተቀጥቶ፣ ከፍሎ፣ ቆይቶ ስምን መልሶ ማግኘት ነው። ይህን መንገድ ሕጉ ከፍቶታል። ሰው እንዲሄድበት ማድረግ ግን የሁላችንም ሥራ ነው።